ካውያ እጇን የሰበሰበችበት ወር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ “ካውያ” እያለ እንደሚጠራት ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ስሙን ማን እንዳወጣላት እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ትርጉሙ ላይ ግን ክርክር የለም፤ ያለፈችበት ሁሉ ይስተካከላል፣ እጁን በጊዜ ያላነሳ ደግሞ ይቃጠላል።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ከሠራተኞቹ አንዷ ስትወልድ የእሷንም ፈረቃ ደርባ የሠራችው፣ ከሥራ በኋላም ቤቷ ድረስ ሄዳ የሕፃኑን ጨርቅ ያጠበችው እሷ ነች። ችግሯ እጇ ነው። እጇ ሌላ ሰው ያጠፈውን ጨርቅ አይቶ ማለፍ አይችልም። ቤቷም ያው ነው። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ልብሳቸውን አጥፈው ሲያስቀምጡ ከኋላቸው ትገባና አውጥታ እንደገና ታጥፈዋለች። ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጀማሪ ጎን ተቀምጦ ነፍሱን በእጁ ይዞ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ መሳቅ ይወዳል። “እኔን እስካሁን ያላጠፈችኝ ቁም ሳጥኑ ስለማይበቃኝ ነው” ይላል ለመጣ እንግዳ ሁሉ።

አሥራ ስድስት ዓመት ስታጥፍ ኖራለች። የማጠቢያ ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከቦይለሩ ጎን ነው። ሦስት ማጠቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ፣ መሐል ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ረጅም ጠረጴዛ። ከእንፋሎቱ ብዛት ግድግዳው ቀለም አይዝም። መስኮቶቹ ከፍ ብለው ስለተሠሩ ከውስጥ ሆኖ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። አንሶላና ፒጃማ ማንም ያጥፋል። የክፍሉ ትልቅ ሥራ ግን የኦፕራሲዮን ጥቅል ነው።

ለአንድ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ጨርቅ፣ በሽተኛው ላይ የሚዘረጉት መሸፈኛዎች፣ ጋውኖቹ፣ አምስት የእጅ ፎጣ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተደራርቦ በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለልና በጥብጣብ ይታሰራል። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ወዳለው የእንፋሎት ማሽን ገብቶ ከጀርም ይጸዳል። መሸፈኛው የሚታጠፈው እንደ አኮርዲዮን ነው፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ ይቀራል። ነርሷ ያቺን ጫፍ ይዛ ስትለቀው ጨርቁ ራሱ ይዘረጋል። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ከተደበቀ ግን ልትፈልገው ታገላብጠዋለች፤ ካገላበጠችው ነካችው፣ ከነካችው ደግሞ ተጣለ። ይህን ሥራ እንደ ካውያ አሳምሮ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የድሮዋ አለቃ ጡረታ ስትወጣ እሷን ሾሟት። ጥሩ አጣፊ ስለሆነች አለቃ ሆነች፤ አለቃ ከሆነች በኋላም የምታውቀው ያንኑ ማጠፍ ነበር።

እንዲህ ነበር የምትሠራው። ጠረጴዛው ዙሪያ የቆሙት ስድስት ሴቶች ጥቅሉን አጥፈው፣ አስረው፣ ጋሪው ላይ ይደረድራሉ። ከሰዓት በኋላ ካውያ ወንበር ስባ ጋሪው አጠገብ ትቀመጥና አንድ በአንድ ትፈታቸዋለች። ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፣ ታስራለች። አትቆጣም፣ አትሳደብም። “አይዟችሁ፣ እኔ አለሁ” ነው የምትለው። ሌላው ሰው በአሥር ሰዓት ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ እስከ አሥራ ሁለት ትቆያለች። ይህን እሷ ኃላፊነት ትለው ነበር፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው ይመስለው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው የመንጋጋ ጥርስ ነው። አራት ቀን አሟት፣ “ነገ ይተወኛል” እያለች አራት ቀን ሠራች። በአምስተኛው ቀን ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋ ሲቃረብ ባሏ እጇን ይዞ ወሰዳት። ጥርሱ ተነቀለ፤ ሐኪሙም ሁለት ቀን ከቤት እንዳትወጣ አዘዘ። አለቃ ከሆነች ወዲህ የቀረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ጥቅል ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሄደ። እንፋሎቱ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ሲከፈት ሰባቱ ተፈትተው፣ ጨርቁ እርስ በርሱ ተደበላልቆ፣ ግማሹ ረጥቦ ተገኘ። ሌላ የተዘጋጀ ጥቅል አልነበረም። የዚያን ዕለት አራት ኦፕራሲዮን ተሰረዘ። ከአራቱ በሽተኞች አንዷ ከማታ ጀምረው እህል ውኃ ያልቀመሱ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው በምትገፋው ዊልቸር ላይ እንደተቀመጡ “ዛሬም አይደለም?” ብለው ጠየቁ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም በአጭሩ ሲስተር የሚላት ነርስ፣ የምትመልስላቸው አጣች። መልስ ያጣ ሰው ቁጣው መውጫ ይፈልጋል። ሲስተር ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

በማግስቱ ካውያ ጉንጯ እንዳበጠ፣ አፏ ውስጥ ጥጥ እንደያዘች ሥራ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ከበር አስጠራት። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ መጥፎ ወሬ ሲያወራ ብዕሩን ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ነው።

“ሲስተር ጥቅሉ ከእናንተ ክፍል ይውጣ፣ ለውጭ ድርጅት ይሰጥ ብላለች” አለ፣ ብዕሩን እየከፈተ። “ከወጣ ስድስት ሴት አያስፈልገንም። ሁለት ይበቃል። አንድ ወር ለምኜልሻለሁ። በመጨረሻው ቀን ሲስተር ራሷ መጥታ ከጋሪው ላይ ሃያ ጥቅል ትፈታለች። የተበላሸው ከሁለት ካለፈ ነገሩ አለቀ።”

ካውያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጥጡ መናገር ከልክሏታል።

“ሌላው ደግሞ” አለ፣ ብዕሩን እየዘጋ፣ “እነዚያን ሰባቱን የሠራችውን ሴት ስም ጽፈሽ አምጪልኝ። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።”

ደረጃውን ስትወርድ ልቧ የጠረጠረው ኤሊን ነበር። ኤሊ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ዝምተኛ፣ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ነች። ስሟን ያወጣላት እጇ ነው። ሌላዋ አሥር ጥቅል ስትጨርስ እሷ ስድስተኛው ላይ ናት፤ ተቻኩላ የሠራችው ደግሞ መልክ የለውም። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

ካውያ ስድስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የማሽኑን ነገር የሚከታተሉት ሽማግሌ፣ ጋሼ ቦይለር፣ ሳይጠሩ መጥተው በሩን ተደግፈው ቆሙ። ካውያ ወረቀት አነሳችና “ጥብጣቡ ለምን ተፈታ?” ብላ ጽፋ ከፍ አድርጋ አሳየች።

ጸጥ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ጸጥታ ራሷ ትሞላው ነበር። ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች፣ መልሳ ራሷ ታስተካክላለች። አሁን ግን አፏን ጥጥ ሞልቶታል። ማድረቂያው ሲዞር ብቻ ይሰማል። መጨረሻ ላይ ዝምታ የማያውቀው የክፍሉ ጉሮሮ ተከፈተ፤ ሬዲዮ የሚሏት ናት።

“እትዬ፣ ዛሬ አፍሽ ስለተዘጋ ነው ደፍሬ የምናገረው። ነገ ሲሻልሽ አትያዢብኝ።”

ካውያ በእጇ ቀጥዪ አለቻት።

“ጥብጣቡ አልተፈታም። መጀመሪያውኑ አልታሰረም።”

“ኧረ አንቺ ሴት” አለች አንዷ፣ ሬዲዮን በክርኗ እየነካች።

“ተዪኝ፣ ከጀመርኩ ልጨርስ። እትዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ትፈቺዋለሽ። አጥብቀን ያሰርነውን ስትፈቺ ጥፍርሽ ሲሰበር አየንና አዘንልሽ። ከዚያ ወዲህ ጥብጣቡን ዙሪያውን እናዞረውና ጫፉን ከሥር ሸጎጥ እናደርገዋለን። ለዓይን የታሰረ ይመስላል። አንቺም ምንም አላልሽም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ትጨርሺ ጀመር። ይኸው ዓመት አለፈን።”

ካውያ ወረቀቱ ላይ “ሁላችሁም?” ብላ ጻፈች።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

“ስትቀሪስ” አለች ሬዲዮ፣ “ማሰር እንዳለብን ትዝ ያለን የለም። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። አምስቱ ሳይፈቱ የቀሩት በዕድል ነው እንጂ በእኛ ብልሃት አይደለም።”

“ማጠፉስ?” ብላ ጻፈች።

“ማጠፉንማ…” ሬዲዮ ወደ ጓደኞቿ ዞረች፤ የሚረዳት አልተገኘም። “ትዘረጊው የለ እንዴ? ለሚዘረጋ ነገር ምን ብለን እንጨነቅ?”

ጋሼ ቦይለር ከበሩ ላይ ሆነው ሳቅ አሉ። “ልጄ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካንቺ ጋር አሥራ አራት እጅ አለ። ስቆጥረው ግን የሚሠራው ሁለት ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማሽም?”

ካውያ መቆጣት አማራት፤ በምን አፏ ትቆጣ። የተቆጣ ሰው ካልተናገረ ማሰብ ይጀምራል። እያንዳንዷን ተራ በተራ አየቻቸው። ሰነፎች አልነበሩም። አዝነውላት ነው። ሥራዋን ሊያቀሉላት ሲሉ የራሳቸውን ሥራ ረሱት፤ እሷም የእነሱን ላቅልል ስትል የራሷን ረስታ ነበር።

“ስም አምጪ ተብለሻል አሉ” አለች ሬዲዮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ደርሷል። የማናችንን ልትሰጪ ነው?”

ሁሉም ጠረጴዛውን ያዩ ነበር። የኔ ነው ያለ አልነበረም። ከሁሉም አጥብቃ ጠረጴዛውን የምታየው ኤሊ ነበረች።

ካውያ አንድ ስም ጻፈች፤ ወረቀቱን አጥፋ ለማንም ሳታሳይ ይዛው ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ገልጦ አነበበና ቀና አለ።

“ይሄ እኮ ያንቺ ስም ነው።”

“አዎ።”

“በዕለቱ አልነበርሽም።”

“ለዚህ ነው የጻፍኩት” አለች፣ ጥጡ ቃሉን ግማሽ እየበላባት። “እኔ ሁለት ቀን ስቀር የሚፈርስ ክፍል ነው የሠራሁት። እዚያ የነበረችው ሴት ምን ታድርግ?”

ሰውዬው ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። “እሺ። እንግዲያው ወሩ ሲያልቅ ካልተሳካ ኃላፊነቱንም አብረሽ ታስረክቢያለሽ።”

ማታ ለባሏ ነገረችው። ጫማውን እያወለቀ ሰምቶ ሲጨርስ አልሳቀም፤ ያ ራሱ አስፈራት።

“የመጀመሪያው ዓመት ሳስተምር” አለ፣ “ተማሪዎቼ በፈተና ቀን ይወድቁብኝ ነበር። እኔ ጋ እያሉ ጎበዝ ናቸው። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ። በእኔ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ አይደል? ገና መኪና ሲያይ እኔ ቀድሜ እይዛለሁ። ልጁ መኪናውን ያቆመው እሱ ይመስለዋል። ፈታኙ አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ፍሬን የሚይዝለት የለም።”

“አሁንስ ምን ታደርጋለህ?”

“አሁን እግሬን ከመቀመጫው ሥር አስገባና እጸልያለሁ።”

“ቢጋጭስ?”

“ሊገድለኝ ሲል እይዛለሁ። ሌላውን እችለዋለሁ። መከላከያው ስንት ጊዜ ተጣሟል፤ ሰው ግን አልሞተም።”

“የኔ ጨርቅ እኮ የሚዘረጋው ሰው ላይ ነው።”

“ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ” አለ ባሏ። “እነሱስ?”

እነሱ አያውቁም ነበር። እሷ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር የድሮዋ አለቃ ኦፕራሲዮን ክፍሉ መስታወት ድረስ ወስዳ አሳይታታለች። እሷ ግን አለቃ ከሆነች ወዲህ አንድም ሰው አልወሰደችም፤ ማጠፍ ይዟት ጊዜ አልነበራትም። በነጋታው ሬዲዮን ይዛ ሄዳ ሲስተርን ለመነቻት። ሲስተር እጇን አጣምራ ቆይታ “ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከመስታወቱ ውጪ፣ ድምፅ ሳያሰሙ” አለች። “ድምፅ ሳያሰሙ” ያለችው ሬዲዮን እያየች ነበር።

ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄዱ። ነርሷ ጥቅሉን ስትፈታ፣ ጫፉን ይዛ ስትለቀው፣ አረንጓዴው ጨርቅ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ላይ እንደ ውኃ ሲወርድ አዩ። ኤሊ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ሬዲዮ ተመልሳ ስትመጣ ለግማሽ ቀን ባትሪዋ አለቀ፤ በኋላም የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ሰውየው ካልሲ አድርጎ ነበር። እግሩ በርዶት ነው መሰለኝ።”

ከዚያ ሥራው ተለወጠ። አንዷ ስታጥፍ ጎረቤቷ ትፈትሻለች፤ ስህተት ካገኘች ላጠፈችው ሴት ትመልስላታለች እንጂ አታስተካክልላትም። አሳሪዋ ራሷ አጣፊዋ ናት። ካውያ ወንበሯን ከጋሪው አንስታ ማድረቂያው ጋ ወሰደች፤ እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ነበር። ጋሼ ቦይለር ባለፉ ቁጥር “እጅሽ ደነዘዘ ወይስ አለ?” ይሏታል። ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ ጭራሽ አኩርፋ “የድሮው ይሻል ነበር፣ ጣጣው ያንቺ ነበር” ብላት ወደ አንሶላ ማጠፍ እንድትቀይራት ጠየቀች። ቀየረቻት። ሁሉም ሰው ይወድልኛል ብላ አስባ ነበር፤ ያ ትንሽ አመማት።

ስሟንም ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው። ሬዲዮ ጀርባዋን ሰጥታ “ካውያ ሳትመጣ ይሄን ፎጣ ቁጠሩት” ስትል እሷ ከኋላ ቆማለች።

“ካውያ ማነው?”

“ካውያውን… የልብሱን ካውያ ማለቴ ነው” አለች ሬዲዮ።

“ካውያ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጣው፣ እግር አለው?”

ጋሼ ቦይለር ሳቃቸው አምልጧቸው ወጥተው ሄዱ። ካውያ ማታ ለባሏ ስትነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ “የቤተሰብ ስም ሊሆነን ይችላል” አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ጸባዩ አገረሸባት። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ነበር። ጋሪው ላይ የኤሊ ሦስት ጥቅሎች ጎበጥ ጎበጥ ብለው ተቀምጠዋል። አለፈቻቸው፤ ተመልሳ አየቻቸው። አሁንም አለፈቻቸው። ኋላ ላይ ግራና ቀኝ ተመልክታ እንደ ሌባ ፈታቻቸው፣ አጠፈቻቸው፣ አሰረቻቸው፤ ወንበሯ ላይም ተመልሳ ተቀመጠች።

ኤሊ ከምሳ ስትመለስ ጋሪው አጠገብ ቆመች።

“እትዬ።”

“አቤት።”

“እነዚህን ሦስቱን እኔ አላሰርኳቸውም።”

“ያንቺ ናቸው እኮ።”

“ቦታው የኔ ነው። ቋጠሮው የኔ አይደለም። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ቋጠሮዬ የሚተኛው በሌላው በኩል ነው።”

ካውያ የኤሊን እጆች አየች። “አንቺ ግራኝ ነሽ?”

“ከተወለድኩ ጀምሮ ነኝ፣ እትዬ።”

ሬዲዮ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ኤሊ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። “አትችልም ብለሽ ነው አይደል? ታዲያ ለምን እርስ በርስ ተፈታተሹ ትይናለሽ? ሠርቼ የማልታመን ከሆነ ቁርጤን ንገሪኝ፣ አንሶላውን ልጠፍ።”

ካውያ ተነሳች። ይቅርታ መጠየቅ ለአለቃ ከባድ ነው ይላሉ፤ ለእሷ የከበዳት ግን ሌላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚች ሴት ጋር ስትሠራ እጇን አላየችም። ያየችው ጨርቁን ነው።

“አጠፋሁ” አለች። “ሁለተኛ አልነካብሽም። እስቲ አንድ ነገር አስረጂኝ። ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ ክፍል ውስጥ ተጠይቆ አያውቅም። ኤሊ በቃል ሳይሆን በእጇ አሳየች። ጥብጣቦቹ የተሰቀሉት በቀኝ ነው። ጨርቁ የሚመጣው ከቀኝ ነው። አንድ ጥብጣብ ለማንሳት በጠቅላላ ሰውነቷ መዞር አለባት። ስታጥፍም ክርኗ ከሬዲዮ ክርን ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ እጇን ሰብስባ፣ ተኮማትራ ነው የምትሠራው።

“ክርኔን ሰባት ዓመት ሙሉ የመታሽው ለዚህ ነው?” አለች ሬዲዮ። “እኔ የጠላሽኝ መስሎኝ።”

“እሱም አለበት” አለች ኤሊ።

በዚያው ከሰዓት ኤሊን ወደ ጠረጴዛው ግራ ጫፍ አዛወሯት። ጋሼ ቦይለር ምስማር አምጥተው ጥብጣቦቹን በግራዋ ሰቀሉላት። በሳምንቱ መጨረሻ ስድስት የነበረው ጥቅሏ ዘጠኝ፣ አንዳንድ ቀን አሥር ሆነ። “ኤሊ ጎማ ገጠመች” አሉ ጋሼ ቦይለር። ካውያም ከዚያ ወዲህ ወንበሯ ላይ መቀመጡን ተወች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞረች ሰዎቹን ታያለች፤ ቁመቷ አጭር የሆነችው ሴት እግሯ ሥር የሚደረግ ሣንቃ እንደሚያስፈልጋት፣ ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ እንደሚደክምና ነጭ ፎጣ ስትቆጥር እንደምትስት ያወቀችው እንዲህ ነው። ለአንዷ ሣንቃ አመጣች፣ የሌላዋን የፎጣ ቆጠራ ወደ ጠዋት አደረገችላት። በአሥር ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ወጥታ ቤቷ ስትገባ ልጆቿ ታመመች እንዴ ብለው ተያዩ።

ወሩ አለቀ። ሲስተር በጠዋት መጣች፤ ሥራ አስኪያጁም ብዕሩን ይዞ ከኋላዋ። ጋሪው ላይ ሠላሳ ጥቅል ተደርድሯል። አምስቱ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ካውያ እጇን ወደ ኋላ አጣምራለች፤ አንዱ እጅ ሌላውን አጥብቆ ይዞታል።

“አንቺ ስንቱን ፈትሸሻል?” አለቻት ሲስተር።

“አንድም።”

ሲስተር ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ መፍታት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጫፉን ትይዛለች፣ ትለቀዋለች፣ ጨርቁ ይወርዳል። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

“ፎጣው አራት ነው። ማነው የሠራው?”

የካውያ መልስ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ልጠየቅ። ዋጠችው።

“የኔ ነው” አለች ሬዲዮ። “እያወራሁ ነው የቆጠርኩት። አራትን አምስት አድርጌዋለሁ።”

“የፈተሽኩትም እኔ ነኝ” አለች አጠገቧ ያለችው። “እኔም እያዳመጥኩ ነበር።”

ሲስተር ቀና ብላ አየቻቸውና ቀጠለች። አሥራ አራተኛው ላይ የአንዱ መሸፈኛ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጥያቄው ሳያልቅ አጭሯ ሴት እጇን አነሳች። ሁለት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ከፈተ። አሥራ አምስት ደህና ነው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝም ደህና ናቸው። ሲስተር እጇን ሃያኛው ላይ አሳረፈች።

“ሲስተር፣ እሱን ተጠንቅቀው ይፍቱት” የሚል ድምፅ መጣ። ኤሊ ናት። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ወጥታለች። “የኔ ነው። ትናንት መጀመሪያ ያጠፍኩት ነው፤ ልቤ አላረፈም። ጫፉን ያወጣሁት አይመስለኝም።”

ሬዲዮ ዓይኗን ጨፈነች። ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከኋላዋ አወጣች፤ የምታደርግበት ስላጣች መልሳ አጣመረችው።

“ሌላ ላንሳ?” አለች ሲስተር።

“አይ” አለች ኤሊ። “ያነሱት እሱን ነው።”

ሲስተር ቋጠሮውን ፈታች፤ ወደ ግራ የተኛ ቋጠሮ ነው። ወፍራሙን ጨርቅ ገለጠች። ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ይዛ ስትለቀው ጨርቁ ያለ አንድ እጥፋት እስከ ወለሉ ወረደ። ፎጣዎቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው።

“ትክክል ነው እኮ” አለች።

“እንዴ” አለች ኤሊ፣ እንደ ተከፋ ሰው።

ሳቁ ሲበርድ ሲስተር ጨርቁን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። “እኔ እዚህ ሆስፒታል ስሠራ ይሄን ማን ሠራው ብዬ የጠየቅኩበት ቀን ብዙ ነው” አለች። “እኔ ነኝ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም። ከእኔም ክፍል ሰዎች ጭምር።” ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። “ጥቅሉ እዚሁ ይቆይ። ግን ሳልናገር እመጣለሁ፤ አንድ ቀንም አይደለም።”

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ዘጋ፤ በዚህ ጊዜ አልከፈተውም።

ሲስተር ከኪሷ የነገውን ዝርዝር አውጥታ እንደ ድሮው ለካውያ ዘረጋችላት። ካውያ አልተቀበለችም። በአገጯ ወደ ሬዲዮ ጠቆመች።

“ለእኔ?” አለች ሬዲዮ።

“አንቺ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ” አለች ካውያ።

ሬዲዮ ወረቀቱን ተቀብላ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። “ለነገ አሥራ አራት። ሁለቱ የሕፃን ናቸው፣ ትንሹን መሸፈኛ አውጡ። ፎጣውን ኤሊ ትቁጠረው፤ እኔ ዛሬ አልታመንም።”

ጠረጴዛው ዙሪያ እጆች ተንቀሳቀሱ። ጨርቅ ወጣ፣ ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ክርክር ተጀመረ። ካውያ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ማንም ምንም ስላልጠየቃት ወጥታ በረንዳው ላይ ከጋሼ ቦይለር ጋር ሻይ ጠጣች።